ቀዳሚዬ ሲፈታ

የዚህን አገር ስም አልጠራም። እዚያ የተጠራ ነገር ሁሉ ይመጣል፤ እኔ ደግሞ እስካሁን የመጣብኝ ይበቃኛል። ወንዝ አለው፣ ገበያ አለው፣ ወህኒ አለው። አንድን አገር አገር የሚያሰኘው ከዚህ ሌላ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ትምህርቴ ከአራተኛ አላለፈም።

ያላለፈውም በስንፍናዬ አይደለም። መምህራችን ስም ሲጠሩ «እነ መሪሁን» ይሉና ወደሚቀጥለው ይሻገራሉ። መሪሁን ታላቅ ወንድሜ ነው። እኔ በዚያ «እነ» ውስጥ ነበርኩ። አንድ ቀን መሪሁን ታሞ ቤት ቀረ። እኔ ሄድኩ፤ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ዋልኩ። መምህሩ ፊቴን እያዩ «እነ መሪሁን ዛሬ የሉም» አሉ። በማግስቱ ስለ መቅረቴ ተገረፍኩ። መሪሁን አመመኝ ብሎ ዳነ፤ እኔ ምን ልበል? መጥቼ ነበር እንዳልል ማን አየኝ? ያን ቀን ደብተሬን ይዤ ወጣሁ፤ አልተመለስኩም። አባታችን እሱን መሪሁን፣ እኔን ተከተል ብሎ ሲሰይመን ነገሩ ያኔ ያለቀ ይመስለኛል።

የዚያን አገር ወግ ካላወቃችሁ የኔ ነገር አይገባችሁም። እዚያ ታላቅ ይቀድማል። ታላቅ ሳይቀምስ ታናሽ አይጎርስም፤ ታላቅ ሳይታጠብ ታናሽ እጁን ለውሃ አይዘረጋም። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ በር ላይ ከተገናኙ ማን ከማን እንደሚበልጥ ሳይማከሩ አይገቡም፤ በዝናብ ውስጥ ቆመው እየበሰበሱ ዕድሜ የሚተሳሰቡ ሽማግሌዎች አይቻለሁ። መንታ ሲወለድ አዋላጇ አስቀድሞ የወጣውን ትንሿ ጣቱ ላይ ክር ታስርበታለች። ክሩ ከጠፋ ክሩ እስኪገኝ ሁለቱም ጡት አያገኙም።

ሌላው ወግ የጣሪያ ነው። ጣሪያው የወደቀ ቤት ባለቤት የለውም ይባላል። ክረምት ሊገባ ሲል የጣሪያ አዛዡ ረጅም ዱላ ይዞ ቤት ለቤት ይዞራል፤ ከውስጥ ሆኖ ክዳኑን ይወጋል። ዱላው ካለፈና ብርሃን ከገባ «ሰማይ ታየ» ይላል። ሰማይ የታየበት ቤት ከነግቢው ለሌላ ይሰጣል። እኔ ቤት ከዳኝ ነኝ። የዚያ ከተማ ጣሪያ እኩሌታው የኔ እጅ ነው። ሰንበሌጡን ክንድ ሙሉ አወፍረዋለሁ፤ ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፌ እሰፋዋለሁ፤ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ሰው አልነበረም። ምስጋናው ግን የመሪሁን ነበር፤ ሰው «የእነ መሪሁን ክዳን» ይለዋል። እሱ መሰላል ላይ ወጥቶ አያውቅም።

አሁን ወደ ነገሩ። መሪሁን ሲያገባ መለከት ነፊው በሠርጉ ላይ ለሙሽራው ዘመዶች በየተራ ነፋ። እኔ ዘንድ ሲደርስ መለከቱን ከአፉ አወረደና አራገፈው፤ በውስጡ የተጠራቀመው ምራቅ አዲሱ እጀ ጠባቤ ላይ ፈሰሰ። ሰው ሳቀ። መለከቱን ነጥቄ ወንዝ ጣልኩት። የአገር መለከት ነው ተብሎ አንድ ክረምት መንገድ ጠረግኩ። በዚያ ሠርግ ላይ ከሳቁት መሃል በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና የሳቀች አንዲት ልጅ ነበረች። አንጓች ትባላለች። መንገዱን ጠርጌ ስጨርስ አገባኋት። ነገሩም በዚያ አለቀ ብዬ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ የውሃ አባቱ የመስኖ ተራዬን ለመሪሁን ሰጠው። ለምን ቢባል ታላቅ ነዋ። ሽንኩርቴ ቆሞ ደረቀ። የአካፋ እጀታ ይዤ ሄድኩ፤ የውሃ አባቱ ክንዱ ተሰበረ። እንዴት እንደተሰበረ ምስክሮቹን ጠይቁ፤ ከኔ ይልቅ እነሱ በደንብ አይተውታል።

ችሎት ቆምኩ። ዳኛው «ጥፋቱ የመጀመሪያው ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ሁለተኛው ነው» አለ ጸሐፊው።

«እንግዲያው ቀዳሚው ይጠራ።»

ለፋፊው ወደ በሩ ወጣና ወደ መንገዱ «መለከት ወንዝ የጣልከው ተከተል፣ ትፈለጋለህ» ብሎ ተጣራ። መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም። ለፋፊው ትንሽ ጠበቀ፤ ከዚያ አንድን ሰው መንገድ እንደሚያሳልፍ ወደ ጎን ቆመ። አንድ ባዶ በርጩማ አምጥተው አጠገቤ አኖሩ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ጠጋ ጠጋ አሉ፤ አንዲት አሮጊት እንኳ ቀሚሷን ሰበሰበች።

የደራቢ ሕግ የሚሉት ይህ ነበር። ሁለት ጊዜ ያጠፋ ሰው በዚያ አገር ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ያኔ ያጠፋው፣ አንዱ አሁን ያጠፋው። ያኔ ያጠፋው ቀዳሚ ይባላል። ሁለቱም ይቀጣሉ። ሥጋቸው አንድ ስለሆነ ግን ቅጣታቸውን የሚጨርሱት በተራ ነው። ዳኛው «ለተከተል ሥሩ ሰባት ክረምት፣ ለቀዳሚው ደራቢው ሰባት ክረምት» ብለው ፈረዱ፤ ሥሩ ያሁኑ ጥፋት ቅጣት ነው፣ ደራቢው በላዩ የሚደረበው። ተራው ከማን እንደሚጀምር ያን ቀን የጠየቀ የለም። ማን እንደሚቀድም የሚጠይቅ ሰው በእኛ ዘንድ አሳዳጊ የበደለው ነው።

ወህኒ ስገባ ሁለት ሰሌን፣ ሁለት ጣሳ ሰጡኝ። ቂጣው ግን አንድ ነው። «ሆድማ አንድ አይደል?» አለኝ ዘበኛው ባንቴ። ባንቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደንብ የሚወድ ሰው ነበር። ቂጣውን መጀመሪያ በቀዳሚው ሰሌን ላይ እንዳስቀምጥ፣ ፊቴንም እንዳዞር ነገረኝ፤ የሚበላ ሰው ላይ ማፍጠጥ ነውር ስለሆነ። ቂጣው ሲቀዘቅዝ ቀዳሚው በልቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የኔ ተራ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ይህን የማደርገው የባንቴን ዱላ እያየሁ ነበር። በኋላ ባንቴ በሌለበትም ማድረግ ጀመርኩ። ሰው ብቻውን ሲሆን ወግ ካልያዘ ምን ይይዛል?

ከጎኔ ዘለቀ የሚባል ሰው ነበር። ንብ ሰራቂ ነው፤ ቀፎ አይሰርቅም፣ ንቡን ነው የሚሰርቀው፤ እንዴት እንደሆነ ነግሮኝ አልገባኝም። አራት ቀዳሚዎች ስላሉት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አምስት ሰሌን ተዘርግቶለት ጥግ ላይ ተኮራምቶ ይተኛል። «ቤተ ዘመድ በዝቶብኝ ነው» ይላል።

አንድ ጧት ዘለቀ «ያንተ ሰው ያንኮራፋል፤ አላስተኛ አለኝ» አለኝ።

«እኔ እሆናለሁ ያንኮራፋሁት።»

«አንተማ ነቅተህ ቁጭ ብለህ ነበር።»

እውነቱን ነው፤ ቁጭ ብዬ ነበር። ያን ጧት የቀዳሚውን ሰሌን ዳበስኩት። መሃሉ ጎድጉዷል፤ ሞቅ ብሏል። ፀሐይ ነው አልኩ። ክፍላችን ፀሐይ አይገባውም።

ቆጠራ ላይ ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው የሚጠሩት። «ተከተል» ሲል አቤት እላለሁ፤ «የተከተል ቀዳሚ» ሲል ደግሞ እንደገና አቤት እላለሁ። ባንቴ በዚህም አይተወኝም። «ድምፁ ሸመገለብኝ» ይላል፤ «ያን ጊዜ እኮ ጢም አላበቀልክም። እንደ ልጅነትህ በልልኝ እንጂ።» ስለዚህ የልጅነት ድምፄን ፈለግሁት። በአፍንጫ በኩል ከፍ አድርጌ፣ ጫፉን ቆረጥ ሳደርገው አገኘሁት። ዘለቀ አራት ዓይነት አቤት ይላል፤ አንደኛው የሕፃን ነው፤ ሰው ሁሉ ይስቅበታል፤ እሱ አይስቅም።

በአራተኛው ክረምት ጉሮሮዬ ተዘጋ። ትንፋሽ እንጂ ድምፅ የለኝም። ባንቴ ቆጠራ መጣ። «ተከተል» አለ፤ አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። «ተከተል» ብሎ ደገመና አለፈው። «የተከተል ቀዳሚ» አለ።

«አቤት» አለ አንድ ሰው ከቀኜ።

ጥርት ያለ፣ ጫፉ ቆረጥ ያለ ድምፅ ነው። ዘለቀ እግሩን ሰበሰበ። ባንቴ ቀና ብሎ እንኳ አላየም፤ ወደሚቀጥለው ስም ሄደ። እኔ ያን ቀን ቀርተሃል ተብዬ ምሳ ተከለከልኩ። ቂጣው በቀዳሚው ስም መጣ። ሰሌኑ ላይ አስቀመጥኩትና ፊቴን አዞርኩ። ስመለስ ከጎኑ ተቆርሷል። አይጥ ነው ብዬ ነበር። አይጥ ቂጣ በጣት አይቆርስም።

አንጓች በበዓል በበዓል ትመጣለች። ቆሎ ትቋጥራለች። እኔ ምንም ሳልነግራት አንድ ቀን ቆሎውን ሁለት ቦታ ዘገነችው፤ አንዱን እፍኝ ለኔ ሰጠች፣ አንዱን አጠገቤ አስቀመጠች።

«ምነው?» አልኳት።

«ነውር አይሆንም ብለህ ነው?» አለችኝና ወደዚያው አየት አደረገች።

በሰባተኛው ክረምት ማብቂያ ስትመጣ ፊቷ ጠቁሯል። «ክዳኑ ሳስቷል» አለች። «በማጀቱ በኩል ጧት ጧት ብርሃን ይወርድብኛል። አምና የጣሪያ አዛዡ በሚወጋበት በኩል ከላይ ዘነዘና አጋድሜበት ነው ያለፈኝ። ዘንድሮ አያልፈኝም።»

የከዳኝ ቤት ሲያፈስ አስቡት። «መሪሁንን አላየሽውም?»

«ለምኜው ነበር።»

«ምን አለ?»

«"ሲፈታ ይክደነው" አለኝ።»

ከፊቴ ያለው ደራቢው ነበር፤ ሌላ ሰባት ክረምት። ቤቱ አንዱንም አይችልም። አንጓች ግቢዋን ስታጣ የት እንደምትገባ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። በመሪሁን ቤት፣ በምድጃው ጥግ፣ ከሚስቱ ቀጥላ፣ ከልጆቹ ቀጥላ፣ መጨረሻ እየበላች።

እንዲህ ሆነን ሳለን አዋጅ ወጣ። ነጋሪት ሲጎሰም ከወህኒው ውስጥ ሰማነው። ሸንጎው የደራቢን ሕግ ሽሯል። የርኅራኄ ነገር እንዳይመስላችሁ። ወህኒው በሌሉ ሰዎች ጠቦ ነበር፤ ያሉት የሚተኙበት ጠፋ፤ ሰሌን ሠሪዎቹም ለማይታይ ጎን ሰሌን መሥራት ሰለቸን ብለው አመፁ። ስለዚህ ከእንግዲህ ቀዳሚ አይጠራም ተባለ። አስቀድሞ የተጠራበት ሰው ደግሞ ይግባኝ ብሎ ይጠይቅ ተባለ።

ነገረ ፈጅ ዳምጤ የሚባል ሰው ኮቱን በትከሻው ጣል አድርጎ መጣ። እጁ አንድ ቦታ አያርፍም። «ጋሼ ተከተል» አለኝ፣ «አንተ ወጥተሃል በለው። ሥሩ ሰባት ነው፤ ሰባቱን ጨርሰሃል። የቀረህ ደራቢው ነበር፤ እሱን ደግሞ ሸንጎው ቀበረው። ምን ይቀርሃል? በር ድረስ መራመድ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እንደዚህ የተጣራ ጉዳይ ይዤ አላውቅም። አንተ ችሎት ፊት ጨዋ ሁን ብቻ። የሚወዱት ወግ አዋቂ ሰው ነው።»

ለአንጓች ሰንበሌጥ አሳጭደሽ ጠብቂኝ፣ ክረምቱ ሳይገባ እከድነዋለሁ ብዬ ላክሁባት። ያን ሰሞን እጄ ብቻውን ይሠራ ነበር፤ በባዶው ነዶ አስራለሁ፣ ጫፍ አጥፋለሁ። ዘለቀ አይቶ «የኔንም ቤት አደራ» አለኝ፤ ቤት እንደሌለው አውቃለሁ። አንዳንዴ ቀና ስል ከቀኜ በኩል ደረቅ ሣር ሲታጠፍ የሚያሰማውን ድምፅ እሰማለሁ። እጄ ላይ ሣር የለም።

ይግባኝ ሰሚው ችሎት ጀርባ ችሎት ይባላል። ሦስቱ ዳኞች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው የሚቀመጡት፤ የሰው ፊት ካዩ አንጀታቸው እንዳይላወስ ነው ይላሉ። የምታነጋግረው ማጅራታቸውን ነው። የመሃለኛው ማጅራት ወፍራም ነው፤ ሲናገር ሁለት እጥፋቶቹ ይንቀሳቀሳሉ። ከጎኔ እንደገና ባዶ በርጩማ ተቀመጠ። ዳምጤ ተናገረ፤ አሳምሮም ተናገረ።

«ሰባት ክረምት ታስሯል፤ ይህ አያከራክርም» አለ ማጅራቱ። «ማን ነው የታሰረው?»

«ደንበኛዬ ነው፣ ክቡር ዳኛ።»

«ደንበኛህ ሁለት ነው። እስካሁን ያለፈው ተራ የማን ነበር?»

ዳምጤ እጁን አነሳና አየር ላይ አቆመው። ያን ያህል ጊዜ እጁ ቆሞ አይቼ አላውቅም። ማጅራቱ ወደኔ ተናገረ፤ «ተከተል፣ በወህኒ ውስጥ ማን ይቀድም ማን ይከተል ነበር? ማን ነበር መጀመሪያ የሚበላው?»

እኔ ደግሞ ጨዋ ሁን ተብዬ ሄጄ የለ። ደስ እያለኝ መለስኩ። «ክቡር ዳኛ፣ እሱ ነዋ። ታላቄ አይደለም? እሱ ሳይቀምስ አንድ ቀን እንኳ ጎርሼ አላውቅም። ዘበኛ በሌለበትም ቢሆን። ያሳደጉኝ ሰዎች ናቸው።»

ሦስቱም ማጅራቶች ተነቀነቁ። ዳምጤ ዓይኑን ጨፈነ። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

«ስለዚህ» አለ ማጅራቱ፣ «ታላቅ ቀድሟል። ያለፈው ሰባት ክረምት የቀዳሚው ነው። የተከተል ተራ ገና አልደረሰም።»

«ክቡር ዳኛ» አልኩ፣ «ሰሌኑ ላይ የተኛሁት እኔ ነኝ። ያረጀሁት እኔ ነኝ። እዩኝማ፣ ዘወር በሉና ፀጉሬን እዩት።»

«ዘወር አንልም። ዘበኛ አለ?»

ባንቴ ቀረበ። «በቆጠራ ላይ ቀዳሚው ይገኝ ነበር?» ተባለ።

«አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም፣ ክቡር ዳኛ። ተከተል የቀረበት ቀን አለ፤ ያን ቀን እንኳ እሱ ራሱ አቤት ብሏል። ጥርት ባለ ድምፅ።» ባንቴ ይህን ሲናገር ወደኔ አየ። በክፋት አላየኝም። የሆነውን ነው የተናገረው።

ፍርዱ አልዘገየም። የደራቢው ሕግ ስለተሻረ ቀዳሚው ሰባት ክረምት የታሰረው ያለ ሕግ ነው፤ ችሎቱ አዝኗል፤ ዛሬውኑ ይፈታ፤ ለደረሰበት በደል አንድ ጋቢ ይሰጠው። ተከተል ደግሞ የሥሩን ሰባት ክረምት ከዛሬ ይጀምር። ይግባኙ ተሳክቷል ተባለ። ዳምጤ ሲወጣ ሰው እጁን እየጨበጠ እንኳን ደስ ያለህ ይለው ነበር፤ እሱም «አብሮ ደስ ይበለን» እያለ ሄደ።

ቀዳሚው ሲፈታ የወህኒው ትልቁ በር ነው የተከፈተለት። እኔ የገባሁት በትንሹ ነበር። ዘበኞቹ በግራና በቀኝ ቆመው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ባንቴ አዲሱን ጋቢ በሁለት እጁ ዘርግቶ ወደ ፊት አቀረበና ለቀቀው። መሬት ሲወድቅ ለማየት አንገቴን አሰገግሁ፤ ያኔ ዘለቀ ለቤተ ዘመዶቹ ቦታ ልስጥ ብሎ ከፊቴ ተደነቀረ። ገፋ አድርጌው ሳይ መሬቱ ላይ ጋቢ የለም። ባንቴም እጁ ባዶ ነው።

ከበሩ ውጭ መሪሁን ቆሟል። ሰባት ክረምት አንድ ቀን እንኳ ሊጠይቀኝ ያልመጣው ወንድሜ ክንዱን ከፍቶ ወደ ፊት ራመድ አለ፤ አቀፈ፤ ጉንጩን ወዲህ ወዲያ እያደረገ ሳመ። ሲስም አየር የሳመ ሰው አይመስልም ነበር። ከዚያ ወደ ጎን ቆመና በእጁ ቅደም አለ። መሪሁን ማንንም አስቀድሞ አያውቅም። ከኋላው አንጓች ነበረች። ወደኔ ቀና ብላ አየች፤ በፍርግርጉ ውስጥ ፊቴን የለየችው አይመስለኝም። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ተከትላቸው ሄደች።

ያን ማታ ባንቴ ሁለተኛውን ሰሌን ጠቅልሎ ወሰደው። «ሰፋ ብለህ ተኛ» አለኝ፤ መልካም ማሰቡ ነው። መስፋቱን ምን ላድርገው? በቆጠራ «ተከተል» ሲለኝ አቤት አልኩ፤ ከዚያ ሳላስበው ደግሜ አቤት አልኩ፣ በአፍንጫዬ፣ ጫፉን ቆረጥ አድርጌ። እንደዚያ ያልኩ ነበር የመሰለኝ። የወጣው ሻካራ የሽማግሌ ድምፅ ነው። «የጠራህ የለም» አለኝ ባንቴ። የልጅነት ድምፄን ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም።

አንጓች ክረምቱ ሊገባ ሲል መጣች። ፊቷ ጠርቷል። ጣቶቿ ሰንበሌጥ ሰንበሌጥ ይሸታሉ።

«ቤቱስ?» አልኳት።

«ተከደነ።»

«ማን ከደነው?»

መሬት መሬት አየች። «ክንድ ሙሉ ውፍረት አለው» አለች። «ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተሰፍቷል። የጣሪያ አዛዡ ወጋው፣ ወጋው፣ ዱላው ተሰበረ። እንዲህ ያለ ክዳን ድሮ ነበር ያየሁት ብሎ ሄደ።»

«መሰላል ላይ ስትወጣ እጅሽ አልተሰነጠቀም?»

«እኔ ነዶ አቀብላለሁ እንጂ አልወጣሁም።»

ከዚያ ልጠይቅ የማልፈልገውን ጠየቅሁ። «ምን ይመስላል?»

በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነችና ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። ከመሪሁን ሠርግ ወዲህ አልሰማሁትም ነበር።

«አንጓች፣ እኔ ነኝ እኮ ባልሽ።»

«አንተ ነህ። ምን ላድርግ? የፈቱልኝ እሱን ነው።» ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፤ ክፋት የለበትም። «ማታ ማታ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። አያማርርም። ወንድሜ እንዲህ አደረገኝ፣ የውሃ አባት እንዲያ አደረገኝ አይልም። ገና ያ ሁሉ አልደረሰበትም።»

ዳምጤ አንድ መንገድ ነግሮኝ ነበር። ቀዳሚው ቀርቦ «ሰባቱን ክረምት የታሰረው ተከተል ነው» ብሎ ከመሰከረ ይግባኙ እንደገና ይሰማል። ይህን እንድትጠይቅልኝ ለአንጓች ሰው ልኬባት ነበር። «ጠየቅሽልኝ?» አልኳት።

«ጠየቅሁት።»

«ምን አለ?»

መቀነቷን አጠበቀች። «"ሲፈታ ይምጣ፤ በሩ አይዘጋበትም" አለ።»

ከመሄዷ በፊት ቋጠሮውን በፍርግርጉ ሥር አሳለፈችልኝ። ደጅ ስትደርስ ዝናቡ ወረደ፤ የዓመቱ የመጀመሪያው ነው፤ ወህኒው በየጥጉ ያንጠባጥብ ጀመር፤ ዘለቀ ሰሌኖቹን እያነሳ ቤተ ዘመዶቹን ይቅርታ ይጠይቃል። እኔ የማስበው ቤቴን ነበር። ዘንድሮ አያፈስም።

ቋጠሮውን ፈታሁት። ቂጣ ነው፤ ገና ለብ ይላል። በልማዴ ከቀኜ ባዶው መሬት ላይ ላስቀምጠውና ፊቴን ላዞር ስል አየሁት። አንድ ጎኑ በጣት ተቆርሷል። አቆራረሱን አውቀዋለሁ።

ታላቅ ቀምሶታልና በላሁ።